የጋማ ከብት ጠባሳና የባለቤቱ እጅ

በፋሽጋ ቆላ የቆሰለ ፈረስ ዳግም ለሥራ የሚበቃው እንዴት ነው?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ሰው በረዳቱና በመሣሪያው ብቻ እንዳይመካ ለማስገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ፈረስ ባይዋጋም ይቆስላል። ጥይት፣ ሽቦ፣ እሾህና የጅብ ጥርስ ያቆስሉታል፤ ከእነዚህም ይልቅ በየቀኑ ጀርባውን የሚፈትገው ኮርቻ ያቆስለዋል። ሰው ሲቆስል የት እንዳመመው ይናገራል። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ግን ሕመማቸውን ይዘው መሸከማቸውን ይቀጥላሉ። ቁስላቸው ከተዘጋ በኋላ የሚቀረውንም ጠባሳ ብዙዎቻችን «ድኗል» ብለን እናልፈዋለን። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ከቁስሉ መዘጋት በኋላ ስለሚመጣው ስለዚህ የተረሳ ጉዳይ ይሆናል።

ፋሽጋ በአትባራና በሰቲት ወንዞች መካከል የተዘረጋ፣ በምዕራብ ከገዳሪፍ፣ በምሥራቅና በደቡብ ከሁመራ፣ ከአብደራፊና ከመተማ ቆላ ጋር የሚዋሰን ለም ምድር ነው። ወሰኑ በየት ማለፍ እንዳለበት ከ1894 ዓ.ም. ውል ወዲህ ሲያነጋግር የኖረ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. በዚሁ ምክንያት በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ውጥረት ተፈጥሮ እንደ ነበር ይታወሳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ በገላባትና በመተማ በኩል ተሻግሯል። የወሰኑን ነገር ለሚመለከታቸው እንተወውና እኛ ወደ እንስሳው እንመለስ። የዚህ ምድር አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። መኪና ሲቆም ውኃውን፣ እህሉን፣ ሰሊጡንና በሽተኛውን የሚያጓጉዘው የጋማ ከብት ነው።

እስቲ በዚህ ቆላ ከአንድ የጦር ሰፈር አጠገብ ያለ አንድ ቤት እናስብ። አባወራው ሃምሳ አለቃ ነው፤ ለግዳጅ ከወጣ ወር አልፎታል። ባለቤቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ በአንዲት ዳማ ባዝራ በሚሳብ ጋሪ ውኃ እያመላለሰች ለጎረቤት ትሸጣለች። ከዕለታት አንድ ቀን ባዝራዋ የኋላ እግሯን ከሰኮናዋ በላይ ሽቦ ይቆርጣታል። ቁስሉ ከብዙ ሳምንት በኋላ ይዘጋል። በቦታው ግን ጸጉር የሌለው፣ ያበጠና የደደረ ጠባሳ ይቀራል፤ ባዝራዋም ማነከስ ትጀምራለች። ጋሪው ከቆመ የውኃው ገቢ ይቆማል፤ የልጆቹ ደብተርና የወሩ ዘይትም አብሮ ይጓደላል። እንግዲህ ያቺ ባዝራ ትሸጥ፣ ትጣል፣ ወይስ ትታከም? እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመው ቤት በየሰፈሩ ስለማይጠፋ፣ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንፈልጋለን።

ምድሪቱና የጋማ ከብት

ይህ አገር የቆየ የፈረስ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ክረምቱን በአትባራ ወንዝ አጠገብ ካሳለፈ በኋላ፣ በሰቲት አካባቢ የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ሆነው ዝሆን ሲያድኑ ተመልክቶ ጽፏል። አዳኞቹ መሣሪያቸው ሰይፍ ብቻ ነበር። አንደኛው ፈረሰኛ ዝሆኑ እንዲያሳድደው እያደረገ ፊት ፊት ይጋልባል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ የዝሆኑን የእግር ጅማት ይቆርጣል። ፊት የሚጋልበው ሰው ሕይወት በፈረሱ አራት እግሮች ላይ የተመሠረተ ነበር። ከእነዚያ እግሮች አንዱ በጠባሳ ደርቆ አልታጠፍ ቢል ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

በዚሁ ቆላ በመተማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው አረፉ። የፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ እንደ ነበር አንባቢያን ያስታውሳሉ። የጦር መሪን በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ፈረስን እንደ ተራ ዕቃ ይመለከት ነበር ለማለት አይቻልም። ይህ አክብሮት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል የአድዋን ፈረሰኛና ፈረሱን የሚዘክር ነው።

የእንስሳ ጤና የዘመቻ ጉዳይ መሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌም ከዚሁ ድንበር እናገኛለን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲያመሩ የዘመቻው ስንቅና ጥይት የተጫነው በሺህ በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ላይ ነበር። የሜዳ ግመሎች ላልለመዱት ዳገትና ብርድ፣ ለመኖ እጦትና ለከባድ ጭነት ተዳርገው አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። ስንቅ የሚሸከም እንስሳ በወደቀ ቁጥር ከፊት ያለው ወታደር ጥይትና ምግብ ይጓደልበታል።

ጠባሳ ምንድን ነው?

ቆዳ ሲቆረጥ ሰውነት ቦታውን ለመድፈን ቀይና እርጥብ አዲስ ሥጋ ያበቅላል። ከዚያም የቁስሉ ከንፈሮች ወደ መካከል ይሳባሉ፤ ከዳርና ከዳር የሚያድግ ስስ ቆዳም ላዩን ይሸፍነዋል። በመጨረሻ ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ክር እየተጠላለፈ ቦታውን ያጠነክረዋል፤ ጠባሳ የምንለውም ይህንኑ ነው። የመጨረሻው ሥራ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቀጥላል። እንዲህም ሆኖ ጠባሳ ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ ከ80 በመቶ ገደማ በላይ አያገኝም። ላብ አያወጣም፤ ጸጉርም አያበቅልም፤ እንደ ጤነኛ ቆዳም አይሳብም።

ፈረስ ደግሞ በዚህ ረገድ ከሌሎች እንስሳት የተለየ ችግር አለበት። የገላው ቁስል ደህና ሲድን ከጉልበት በታች ያለው የእግር ቁስል ግን እጅግ ይዘገያል። በገላ ላይ አዲሱ ቆዳ በቀን በግምት 0.2 ሚሊ ሜትር ሲያድግ፣ በእግር ላይ የሚያድገው ከዚያ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። በታችኛው እግር ሥጋ ስለሌለ የደም ዝውውሩ ያነሰ ነው። አንጓው በየርምጃው ይንቀሳቀሳል፤ ጭቃና ዝንብም አይለየውም። ስለዚህ አዲሱ ቀይ ሥጋ ማቆሚያ አጥቶ ከቆዳው በላይ እንደ አበባ ጎመን ይፈነዳል። ይህን ትርፍ ሥጋ እንበለው። ትርፍ ሥጋ ባለበት ቆዳው ሊሸፍነው አይችልም፤ በመጨረሻ ቢዘጋም የሚተወው ጠባሳ ትልቅና ደረቅ ነው። የዳማዋ ባዝራ ችግርም ከዚህ የመጣ ነው።

በጀርባ ላይ የሚታየው ነጭ ጸጉር ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ኮርቻ ወይም ጭነት ቆዳውን ለረጅም ጊዜ ሲጫን ለጸጉር ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ከዚያ በኋላ በቦታው የሚበቅለው ጸጉር ነጭ ይሆናል። በዳማ ወይም በጥቁር ፈረስ ጀርባ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያየ ሰው ያ ፈረስ ባልተስተካከለ ኮርቻ መኖሩን ሳይጠይቅ ሊያውቅ ይችላል። ፈረስ የሚገዛ ወታደርም ይህን አስቀድሞ ማየት ይገባዋል።

በመጀመሪያ ዳውላውን

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ጥፋተኛውን ትቶ ሌላውን የሚመታውን ሰው ይነቅፋል። በጀርባ ቁስልና ጠባሳ ጉዳይ ግን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ራሱ ዳውላው ነው። ቁስሉን ያመጣው ጭነት ሳይስተካከል ጠባሳውን ማሸት የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፍኑ ወለል እንደ መጥረግ ይቆጠራል። ሁለንተናዊ ሕክምና የሚባለውም ከዚህ የሚነሣ ነው፤ ጠባሳውን ብቻ ሳይሆን ኮርቻውን፣ መኖውን፣ ዕረፍቱን፣ የሚኖርበትን ስፍራና ጠባዩን አንድ ላይ አይቶ ማከም ማለት ነው።

ኮርቻ በጀርባ አጥንት ላይ ማረፍ የለበትም። ክብደቱ በአጥንቱ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ እኩል ተከፍሎ፣ በመካከል አየር የሚያሳልፍ ቦይ ሊተው ይገባል። ከሥሩ የሚነጠፈው ጨርቅ ንጹሕ፣ ደረቅና ያልተጨማደደ ይሁን። ላብ ደርቆበት እንደ ሰሌን የደረቀ ጨርቅ ቆዳን ይሞርዳል፤ ስለዚህ እንደ ወታደር ካልሲ በየጊዜው ታጥቦ በፀሐይ ሊሰጣ ይገባዋል። ጠባሳ ያለበት ቦታ ከሆነ ጨርቁን በዚያ ልክ በመቅደድ ወይም ዙሪያውን በጥጥ ከፍ በማድረግ ጠባሳው ጫና እንዳያገኘው ማድረግ ይቻላል። የጋሪ ፈረስ እንደ ሆነ የደረቱ ማሰሪያ ሰፊና ልስልስ ይሁን። ከጎማ ወይም ከናይሎን ገመድ የተሠራ ማሰሪያ በሰፊ ጨርቅ ካልተጠቀለለ ቆዳ ይቆርጣል።

የጭነትም ልክ አለው። ለሚጋለብ ፈረስ ሰውየውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጡ ይመከራል። የአገራችን ፈረስ ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎ ስለማይበልጥ ልኩ ወደ 60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጠመንጃ፣ ጥይትና ስንቅ የያዘ ወታደር ይህን እንደሚያልፍ ግልጽ ነው። ስለዚህ በዳገት ላይ ወርዶ መሄድ፣ በዕረፍት ጊዜም የሆድ ማሰሪያውን ማላላት ለፈረሱ ጀርባ ትልቅ ውለታ ነው። ይህን የሚያደርግ ፈረሰኛ በማግስቱም የሚጋልበው ፈረስ ይኖረዋል።

ከጓዳና ከደጅ የሚገኝ መድኃኒት

ቁስል በሚገባ ከተያዘ ጠባሳው ያንሳል። ስለዚህ የጠባሳ ሕክምና የሚጀምረው ቁስሉ በደረሰበት ቀን ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ጨውና ውኃ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 9 ግራም፣ ይኸውም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ሟሙቶ ቁስሉ በብዛት ይታጠብ። ጨው ሲበዛ አዲሱን ሥጋ ስለሚያቃጥል ልኩ መጠበቅ አለበት። ቁስሉ የጅብ ወይም የውሻ ንክሻ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ጓንት አድርጎ በሳሙናና በብዙ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ምራቁ የራሱን ቁስል የነካው ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ማር ነው። የማር ስኳርነት ፈሳሹን ከቁስሉ ይስባል፤ ኮምጣጣነቱም ተሕዋስያን እንዳይራቡ ይረዳል። ይህን አባቶቻችን በልምድ ሲያውቁት ኖረዋል። በአውስትራሊያ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በፈረሶች የታችኛው እግር ቁስል ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም የማር ቅባት ቁስሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዳይሰፋ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ንጹሕና ያልተበረዘ ማር በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀብቶ ይደረግና በፋሻ ይሸፈን። ሳይሸፈን ከተተወ ግን ዝንብና ጉንዳን ይጠራል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚገኘው ዝንብን የመከላከል ዘዴ ነው። በዚህ ቆላ በየግቢው የኒም ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ በውኃው የቁስሉ ዙሪያ ቢታጠብ ዝንብን ይቀንሳል። የመተማ አካባቢ በዕጣን ምርቱ የታወቀ ነው፤ ምሽት ላይ በረት ውስጥ የሚጨስ ዕጣን ተናካሽ ዝንቦችንና ትንኞችን ያርቃል። ሱዳኖች ገረድ የሚሉት የግራር ዘለላ ቆዳ ለማልፋት ያገለግላል፤ ቁስል ለማድረቅም ይጠቀሙበታል። ይሁንና ቆዳ የሚያለፋ ነገር አዲስ ሥጋንም ስለሚያደርቅ፣ በተከፈተ ጥልቅ ቁስል ውስጥ መነስነስ አይገባም።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መኖ ነው። ቆዳ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። የማሽላ አገዳና ገለባ ብቻ የሚበላ ፈረስ ቁስሉን የሚደፍንበት የለውም። በሰሊጥ አገር የሚኖር ሰው የሰሊጥ ፋጉሎ በቅርቡ ያገኛል፤ ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ በመሆኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተለመደ ከድርቆሽ ጋር ቢሰጥ ጠቃሚ ነው። አረንጓዴ ሣር ሲገኝ ለቆዳ የሚያስፈልገውን ቪታሚን ኤ ያስገኛል። ውኃም በሙቀቱ መጠን ይቅረብ፤ በሥራ ላይ ያለ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ደግሞም በዚህ ቆላ ገንዲ አለ። ገንዲ ደም የሚያሳንስ በሽታ ነው፤ ደም ያነሰው እንስሳ ቁስሉ አይድንም። መኖ እያገኘ የሚከሳ፣ ድዱ የነጣ፣ ሆዱና እግሩ የሚያብጥ ፈረስ ካለ ጠባሳውን ትቶ ደሙን ማስመርመር ይቀድማል።

የእጅ ሥራ

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ እርጥበትና ቅርፊት የሌለው ቆዳ ከሸፈነው ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የጠባሳ እሸት ይጀመራል። ከዚያ በፊት መነካካት ቁስሉን መልሶ ይከፍተዋል።

በቅድሚያ በሞቀ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ በጠባሳው ላይ ይደረጋል። ሙቀቱን ባለቤቱ በራሱ ክንድ ይለካ፤ ክንዱን ካቃጠለ ፈረሱንም ያቃጥላል። ቀጥሎ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት በጣት ተወስዶ፣ በመጀመሪያ በጠባሳው ዙሪያ ባለው ጤነኛ ቆዳ፣ ኋላም በጠባሳው ላይ በትንንሽ ክብ ይታሻል። ከዚያ ጠባሳው በሁለት ጣት ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ይገፋል። ዓላማው ከሥሩ ካለው ጅማት ጋር የተጣበቀው ቆዳ እየለቀቀ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ይህን ጠዋትና ማታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መሥራት ይበቃል። ዘይቱ እጅን ያንሸራትታል፤ ቆዳውንም ያለሰልሳል፤ ዋናው ሥራ ግን የእጁ ነው። በቦታው ትኩሳት ወይም አዲስ እብጠት ቢታይ፣ ወይም ፈረሱ ከቀድሞው ይልቅ ቢያነክስ ወዲያው ይቁም።

ከእሸቱ በኋላ ፈረሱ በደረቅና በለሰለሰ መሬት ላይ በእጅ ተስቦ ይሂድ። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየተጨመረ ይቀጥላል። አንጓው በየቀኑ በልኩ ከታጠፈ የኮላጅኑ ክር በሚሳብበት አቅጣጫ ይደረደራል፤ ከቆመ ግን እንደ ተጠላለፈ ገመድ ይደርቃል። ከኋላ ሆኖ መሥራት አደጋ ስላለው፣ እግሩን የሚያሸው ሰው በጎን ይቁም፤ ሌላ ሰው ደግሞ ራሱን ይያዝ። ልጆች በዚህ ጊዜ አጠገብ አይቁሙ።

የተራቆተና ቀለም የሌለው ጠባሳ በፀሐይ ይቃጠላል። በቆላው ፀሐይ ቀትር ላይ ከጥላ ሥር ማሰር፣ ወይም ቫዝሊንና ዚንክ ያለበት ቅባት መቀባት ይበጃል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለው ለፈረስም ይሠራል። ጀርባው ቆስሎ የነበረ ፈረስ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ይጥላል፤ ይናከሳል፤ ይዞራል። ይህን እንደ ጠማማነት ቆጥሮ የሚመታው ሰው ፍርሃቱን ያጸናበታል። ባዶ ጨርቅ ብቻ ጭኖ፣ ጥቂት ገብስ እያቀመሱ፣ በማግስቱም ቀላል ኮርቻ እያሳዩ ቀስ በቀስ ማለማመድ ይገባል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና።

መደረግ የሌለበት

በአካባቢው የተለመዱ፣ ነገር ግን ጠባሳን የሚያብሱ ድርጊቶች አሉ። የባትሪ ውኃ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና አመድ በቁስል ላይ ማድረግ ሥጋን ይገድላል፤ የሞተው ሥጋም ሌላ ቁስል ይሆናል። ትርፍ ሥጋ ሲታይ በቤት ቢላ መቁረጥም አይገባም። ትርፍ ሥጋ የሕመም ነርቭ ስለሌለው ፈረሱ ላይሰማው ይችላል፤ ደሙ ግን እጅግ ይፈስሳል። ሐኪም ቆርጦ በፋሻ አጥብቆ ሲያስረው ብዙ ጊዜ ይድናል።

በብረት መተኮስ በአገራችንም ሆነ በሱዳን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ነው። ያነከሰን ፈረስ መተኮስ በእንግሊዝ አገርም የተለመደ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ምርመራ የፈረስ ጅማት በመተኮስ እንደማይፈወስ አረጋግጧል። የተተኮሰ ፈረስ ተሻለው የሚባለው በአብዛኛው ከተተኮሰ በኋላ ለወራት እንዲያርፍ ስለሚደረግ ነው። ዕረፍቱ ብቻ ቢሰጠው ሁለተኛ ጠባሳ ባልተጨመረበት ነበር።

ጠባሳ የሚመስል ሌላ በሽታም አለ። በእግር ወይም በደረት ላይ እንደ መቁጠሪያ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ወጥተው መግል የሚያፈስሱ ከሆነ፣ በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃው ከሻጋታ ዘር የሚመጣ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ በሚሠራበት ማሰሪያ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ፈረስ ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ ከሌሎች ተለይቶ በቶሎ ለሐኪም ይታይ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታም የጋማ ከብትን ከሌሎች የቤት እንስሳት ይበልጥ ስለሚያጠቃ፣ ጥልቅ ቁስል የደረሰበት እንስሳ መከላከያ መርፌ ቢወጋ መልካም ነው። በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ሠልጥነዋል፤ ለዚህ ቆላ ቅርብ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያሠለጥናል። በየወረዳው ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ አስቀድሞ ማወቅ የቤተሰቡ ፈንታ ነው።

የቤተሰብ ዓምድ

አሁን ወደ ዳማዋ ባዝራና ወደ እመቤቷ እንመለስ። ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ነው፤ እርሷ ደግሞ ከልጅ፣ ከእንጀራና ከውኃ ሥራ የተረፋት ጊዜ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ አያጣትም። ታላቁ ልጅ ገብስ እያቀመሰ ልጓሙን ይይዛል፤ እርሷም በጎን ተቀምጣ ታሻለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ አይታይም፤ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉትም በዚህ ጊዜ ነው። የጠባሳ ሥራ በቀን የሚለካ ባለመሆኑ በወር አንድ ጊዜ በክር እየለኩ ስፋቱን መመዝገብ፣ ባዝራዋ በሜዳ ስትሄድም እግሯን እንዴት እንደምታጥፍ ማየት ይረዳል። በዚያው ወቅት ጋሪውን የጎረቤት አህያ በኪራይ ቢስበው፣ ወይም ባዝራዋ ግማሽ በርሜል ብቻ ብትስብ ገቢው ቢቀንስም አይቋረጥም።

ከወራት በኋላ የሚገኘው ውጤት ከሁለት አንዱ ነው። ጠባሳው ለስልሶ አንጓው የሚታጠፍ ከሆነ ባዝራዋ በልኩ ወደ ጋሪዋ ትመለሳለች። አንጓው ራሱ ተጎድቶ ከሆነ ግን የትኛውም ዘይትና እሸት አይመልሰውም። እንዲህ ያለችውን ባዝራ ለከባድ ጋሪ ማስገደድ በእርሷም በገንዘቡም ላይ ጉዳት ነው። ጤነኛ ውርንጭላ ልታስገኝ፣ ወይም ከባድ ጭነት የሌለበት ሥራ ልትሠራ ትችላለች። ቁርጡን መናገር ያለበት ያያት ሐኪም እንጂ የገበያ ደላላ መሆን የለበትም።

በጦር ሰፈር ውስጥ ጠባሳ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር ክንዱ ወይም ጉልበቱ በጠባሳ ተይዞ ሲቸገር፣ ቁስሉ በሚገባ ተዘግቶ ሐኪሙ ሲፈቅድለት በዘይት ማሸትና በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማጠፍ ለእርሱም ይጠቅማል። ባለቤቱ ይህን የእጅ ሥራ ከባዝራዋ ተምራ ከሆነ ለሃምሳ አለቃው ስትደግመው አታፍርም፤ እርሱም ከባዝራይቱ ያነሰ ትዕግሥት ቢያሳይ ልጆቹ ይታዘቡታል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ በረት ስትገቡ የእንስሳችሁን ጀርባ፣ ብብት፣ ደረትና እግር በእጃችሁ ዳስሱ። ነጭ ጸጉር፣ የደደረ ቆዳ ወይም ሲነካ የሚሸሽ ቦታ ብታገኙ፣ ነገ ከመጫናችሁ በፊት ኮርቻውንና ማሰሪያውን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ ጨውና ውኃው፣ ማሩና የሰሊጥ ዘይቱ ከጓዳችሁ አይጠፋም።